ዕቃውን ደብቁ፣ የዌልፌሯ ሴትዮ መጣች

ባለፈው እትም ስለ ሰባዎቹ የጥቁር አሜሪካውያን ፊልሞች ስጽፍ ክላውዲንን በሦስት መስመር ጠቅሼ ማለፌ ጣጣ አመጣብኝ፣ ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለሷ ናቸው፣ ዌልፌርን (የአሜሪካ መንግሥት ለድሃ ቤተሰብ የሚሰጠውን የገንዘብ ርዳታ) የሚነካውን ብቻ ልለይ ብል እንኳ አራት ሆነ። ስለዚ የዛሬው አምድ ሙሉ ለሙሉ የነሱ ነው። ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የጻፍኩት፣ ሰባትና ስምንት እየቀነሳችሁ እንዳትጨቃጨቁኝ።

ጥያቄ፦ ጋሼ እንደምን ከረምክ። አንተ ባልከው መሠረት እሁድ ማታ ክላውዲንን ከፈትኩት። እማዬ ከአዲስ አበባ መጥታ እኔ ጋ ናት፣ እንግሊዝኛው ባይገባትም አጠገቤ ቁጭ ብላ አየች። የዌልፌሯ ሴትዮ ስትመጣ ልጆቹ እየተሯሯጡ ዕቃ ሲደብቁ "ውይ ልጄ፣ የሰረቁት ነው እንዴ?" አለችኝ። አይ የራሳቸው ነው አልኳት፣ "ታድያ የራስ ዕቃ ምን ያስደብቃል?" አለች፣ እዚህ ላይ እኔም መልስ አጣሁ። ሰውየውስ ቢሆን ምን አጥፍቶ ነው የሚደበቀው? ያው እኔም እዚህ አገር ስንት ፎርም ሞልቻለሁ ግን እንደዚ ዓይነት ነገር አላጋጠመኝም።
ሰ. ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

መልስ፦ ሰ. እህቴ፣ መጀመሪያ እማማን ሳሚልኝ። "የሰረቁት ነው እንዴ" ያሉት እኔ ከምጽፈው ሁሉ ይበልጣል፣ ፊልሙም እንዲሰማን የሚፈልገው ይሄንኑ ነው፣ በላብሽ የገዛሽውን ዕቃ በገዛ ቤትሽ እንደ ሌባ ስታሸሺው።

ላላያችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ፊልሙ የ1974 ነው፣ ቦታው ሃርለም፣ ኒውዮርክ። ክላውዲን (ዳያን ካሮል ናት የምትጫወተው) ስድስት ልጆች ብቻዋን ታሳድጋለች፣ ዌልፌር ትቀበላለች፣ ከዛ ደሞ ለዌልፌር ቢሮው ሳትናገር በአውቶቡስ እየሄደች ሀብታም ነጮች ቤት ተመላላሽ ሆና ትሠራለች። እዛ ቤት ቆሻሻ የሚያነሳው ሩፕ፣ ማለትም ጄምስ ኧርል ጆንስ፣ ያ ድምፁ ግድግዳ የሚነቀንቀው ሰውዬ፣ ያያትና ልቡ ይሄዳል። በቃ ፍቅር ነው። ሌላ ፊልም ቢሆን ኖሮ ምቀኛ ወይ ሌላ ወንድ ገብቶ ያበላሸው ነበር፣ እዚህ ግን በሁለቱ መሀል የሚገባው ፎርም የያዘች ሴት ናት፣ ሚስ ካባክ የምትባል፣ ደሞ ክፉ ሰው እንኳ አይደለችም፣ ሥራዋን ነው የምትሠራው።

አሁን የእማማን ጥያቄ ልመልስ። ያ ርዳታ በ1935 በሩዝቬልት ጊዜ የተጀመረ ነው፣ አባት ለሞተባቸው፣ ጥሎ ለሄደባቸው ወይም መሥራት ላቃተው ሰው ልጆች ተብሎ። ስለዚ ገና ከመነሻው ገንዘቡ የሚሰጠው ቤቱ ውስጥ ጤነኛ ወንድ ከሌለ ነው። በ1961 ሥራ የፈታ አባት ያለበትም ቤት እንዲካተት ተፈቀደ ግን እያንዳንዱ ግዛት ከፈለገ ነው እንጂ ግዴታ አልነበረም። ሥራን በተመለከተ ደሞ እናትየው የምታገኘው ገንዘብ ከርዳታው ይቀነስ ነበር፣ በ1967 ሕጉ ትንሽ ላላ፣ በወር ከምታገኘው የመጀመሪያው 30 ዶላርና ከቀሪው አንድ ሦስተኛው አይነካም ተባለ። ሌላው ግን ተቀናሽ ነው፣ ማለትም ከ30ው በላይ ካገኘሽው ከየሦስቱ ዶላር ሁለቱን ይወስዱብሻል። እንግዲህ ክላውዲን ብትናገር ይቀነስባታል፣ ባትናገር አጭበርባሪ ትባላለች። ቤት ውስጥ አዲስ የኤሌክትሪክ ዕቃ ከታየ ደሞ "ይሄ በምን ተገዛ?" ይመጣል፣ ሩፕ የሚያመጣላት ስጦታም ከገቢ ተቆጥሮ ይቀነሳል። ሰውዬው ለሚወዳት ሴት አንድ ነገር ይዞ በመጣ ቁጥር ከልጆቿ አፍ እየቀነሰ ነው ማለት ነው!

እኛ አገር በደርግ ጊዜ ቀበሌ ሱቅ ስኳርና ዘይት በቤተሰብ ቁጥር ሲታደል ሰው የሌለ ዘመድ ሁሉ ያስመዘግብ ነበር፣ አክስትም፣ ገጠር ያለ የወንድም ልጅም፣ የሞተም ጭምር። ሃርለም ላይ ተገላቢጦሽ ነው፣ እንጀራው የሚገኘው ያለውን ሰው በመደበቅ ነው። ለእማማ እንደዚ ብለሽ ንገሪያቸው፣ ወዲያው ይገባቸዋል።

የሰውየው ነገር ደሞ የድርሰት ጸሐፊ ፈጠራ እንዳይመስልሽ። አላባማ ውስጥ፣ ሴልማ ያለችበት አውራጃ፣ ወይዘሮ ስሚዝ የምትባል የአራት ልጆች እናት ነበረች። ከሌሊቱ 9፡30 ጀምራ እስከ ቀኑ 6 ሰዓት ምግብ ቤት እያበሰለችና እያስተናገደች በሳምንት ከ16 እስከ 20 ዶላር ታገኛለች። ቅዳሜና እሁድ አንድ ሰውዬ ብቅ ይላል፣ የራሱ ሚስትና ዘጠኝ ልጆች ያሉት ሰው ነው፣ የሷን ልጆች የማሳደግ ምንም ግዴታ የለበትም። የአላባማ መንግሥት ግን ይሄ ሰው "ምትክ አባት" ነው ብሎ ርዳታውን ቆረጠባት። ከሰሰች። ነገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄደና በሰኔ 1968 ዳኞቹ በሙሉ ድምፅ ደንቡን ሻሩት። ደንቡ ከወጣበት ከ1964 አንስቶ እስከ 1967 መጀመሪያ ድረስ ብቻ በአላባማ ርዳታውን የሚያገኙ ልጆች ቁጥር በ16,000 ገደማ ቀንሶ ነበር፣ ሃያ ሁለት ከመቶ ማለት ነው። ሌሊት ድረስ በር እያንኳኩ አልጋ ሥር ወንድ የሚፈልጉ ሠራተኞችም ነበሩ፣ በየግዛቱ።

ታድያ በ1968 ከተሻረ በ1974 ሩፕ ለምን ይደበቃል? የተሻረው "የመጣ ወንድ ሁሉ አባት ነው" የሚለው ነው፣ ይዞ የሚመጣው ነገር ግን መቆጠሩ አልቀረም፣ ጥርጣሬውም አልተሻረም። ቢጋቡ ደሞ የባሰ ነው፣ ሩፕ ቀድሞ ለወለዳቸው ልጆች ቀለብ ከደሞዙ እየተቆረጠበት ስድስት ልጅ ተጨማሪ ሊያሳድግ ነው። እዚህ ጋ ሰውየው ይጠፋል፣ ይጠጣል፣ ልጆቹ ለአባቶች ቀን ድግስ ደግሰውለት ሳይመጣ ይቀራል። እኔ ይሄን ክፍል ባየሁ ቁጥር እናደድበታለሁ፣ ደሞ አዝንለታለሁ።

በዛው ዘመን ጆኒ ቲልሞን የምትባል የዋትስ፣ ሎስ አንጀለስ ሴት ነበረች፣ እሷም የስድስት ልጆች እናት፣ የዌልፌር ተቀባይ እናቶችን ያደራጀችና ብሔራዊ ማኅበራቸውን የመራች። በ1972 በጻፈችው ጽሑፍ ዌልፌርን ከትዳር ጋር ታመሳስለዋለች፣ አንዱን ወንድ ትተሽ ሌላ ታገቢያለሽ፣ ይሄኛውን ግን ቢበድልሽ መፍታት አትችዪም፣ እሱ ሲያሻው ይፈታሻል፣ ልጆቹ ግን አንቺ ጋ አይቀሩም፣ እሱ ነው የሚወስዳቸው የሚል ነገር። ፊልሙ ውስጥ ግላዲስ ናይት ከምትዘፍናቸው የከርቲስ ሜይፊልድ ዘፈኖች አንዱ ርዕሱ "ሚስተር ዌልፌር ማን" ነው፣ አሁን ለምን "ሚስተር" እንደተባለ ገባሽ አይደል? የቤቱ አባወራ ቢሮው ነው።

አንድ ነገር ልጨምርና ልለፍ። ድጋሚ ስታዪው ያን ዕቃ የሚደበቅበትን ቦታ ካሜራው የት እንደቆመ ልብ በዪ። በር ላይ ከምታንኳኳው ሴት ጋር አይደለም የቆመው፣ ውስጥ ነው፣ ከልጆቹ ጋር እየሮጠ። ስለዚ እኛም ሳናውቀው ዕቃ ደባቂ ሆነን እናርፈዋለን፣ እማማም ገና "የሰረቁት ነው እንዴ" እያሉ አብረው ፈርተው መሆን አለበት።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሽዬ፣ እዚህ አዲስ አበባ ፊልም የምማር ልጅ ነኝ። አንድ ጓደኛዬ ኃይሌ ገሪማ በዌልፌር ስለምትኖር ጥቁር አሜሪካዊት ፊልም ሠርቷል አለኝ፣ እኔ ምርት ሦስት ሺህ ዓመትን፣ ሳንኮፋንና ጤዛን ነው የማውቀው። እውነት ነው? ከሆነስ እንደ ክላውዲን ነው?
ዮ. ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ጓደኛህ ልክ ነው፣ ቡሽ ማማ ይባላል። ኃይሌ ሎስ አንጀለስ ዩሲኤልኤ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ እያለ በሰባዎቹ አጋማሽ የመመረቂያ ሥራው አርጎ የሠራው ነው፣ ጥቁርና ነጭ፣ በ16 ሚሊሜትር፣ ሰፊው ተመልካች ጋ የደረሰው ዘግይቶ በ1979 ነው። ምርት ሦስት ሺህ ዓመትን በ1974 አገር ቤት ገብቶ የቀረጸው በዚሁ የተማሪነት ዘመኑ ነው፣ እና እኔ ሁለቱን እንደ መንታ ነው የማያቸው፣ አንዱ ጭሰኛው ከባላባቱ ጋር፣ አንዱ የቡሽ ማማዋ ዶሮቲ ከዌልፌር ቢሮው ጋር። የፊልሙን ሐሳብ የጫረበት ቺካጎ እያለ በክረምት ብርድ ከቤቷ ተባርራ ውጪ የተጣለች ጥቁር ሴት ማየቱ ነው። የጎንደር ልጅ ነው እንግዲህ፣ አሜሪካ ከገባ ገና ብዙ ዓመት አልሆነውም፣ ግን ዓይኑ እሷ ላይ ነበር ያረፈው።

እንደ ክላውዲን ነው ወይ ላልከው፣ አይደለም። ክላውዲንን እየሳቅክ ታያለህ፣ ቡሽ ማማን ግን ደረትህ ላይ አንድ ነገር ተቀምጦብህ ነው የምታየው። ገና ሲጀምር ፖሊሶች ሁለት ጥቁር ወጣቶችን አቁመው ሲፈትሹ ታያለህ፣ ትወና አይደለም፣ የሎስ አንጀለስ ፖሊስ የኃይሌን ቀራጮች አስቁሞ ሲፈትሽ ካሜራው ሳይጠፋ የቀረው ነው፣ እሱም አልጣለውም፣ መክፈቻ አረገው። ከላዩ ላይ ደሞ ድምፅ አለ፣ የዌልፌር ቢሮ ጥያቄ፣ እየተደጋገመ፣ እየተደራረበ፣ ገንዘብ አግኝተሻል ወይ ማን ሰጠሽ ምናምን፣ የፊልም ሙዚቃ ትጠብቃለህ፣ የሚመጣልህ ፎርም ነው።

ዶሮቲ ዋትስ ውስጥ ከልጇ ከሉአን ጋር ትኖራለች፣ ሁለተኛ አርግዛለች። ሰውዋ ቲ ሲ ቬትናም ዘምቶ የተመለሰ ነው፣ አንድ ጠዋት ሥራ አገኛለሁ ብሎ ደስ ብሎት ከቤት ይወጣል፣ የሚቀጥለው ምስል ላይ እስር ቤት ነው። በቃ። ምንም አያስረዳህም፣ ፍርድ ቤት የለ፣ ጠበቃ የለ፣ አንድ ቆረጣ ብቻ። ፊልም የምትማር ከሆነ ይሄን ቦታ አስር ጊዜ እየው፣ እኔ ስንት መጽሐፍ አንብቤ ያልገባኝን የሞንታዥ፣ ምስል ቆርጦ የመቀጠል ነገር እዚህ ነው የገባኝ። ዌልፌር ቢሮው ደሞ ጽንሱን ካላስወረድሽ እያለ ይጫናታል። ክላውዲን ጋ ቢሮው የሚቆጥረው ዕቃና ስጦታ ነበር አይደል? እዚህ ማህፀኗ ውስጥ ገባ።

አብዛኛው ነገር የሚሆነው ዶሮቲ ጭንቅላት ውስጥ ነው፣ ትቀመጣለች፣ በመስኮት ታያለች፣ ታስባለች፣ ግድግዳዋ ላይ የተለጠፈ ፖስተር አለ፣ ልጇንም ጠመንጃዋንም የያዘች አፍሪካዊት ታጋይ፣ እሷን እያየች ነው የምትለወጠው። መጨረሻውን አልነግርህም፣ ከባድ ነው። ግን ዊጓን ልብ በል። ፊልሙን ሙሉ ዊግ አርጋ ነው የምታያት፣ መጨረሻ ላይ ግን በራሷ ፀጉር ነው፣ ዊጉ ከጭንቅላቷ እንደወረደ ራሷ ትናገራለች። ዶሮቲን የምትጫወተው ባርባራ ኦ ጆንስ ናት፣ ብዙም የማትናገር ተዋናይ ናት፣ ፊቷ ይበቃል። ካሜራ ከያዙት አንዱ ቻርልስ በርኔት ነው፣ ወደሱ እመለሳለሁ።

ፊልሙ በ2022 የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ለብሔራዊ ቅርስነት ከሚመዘግባቸው ፊልሞች መሀል ገብቷል፣ ያን የፍተሻ ትዕይንት ይዞ። አንድ ሐበሻ ተማሪ የቀረጸው ነገር ማለት ነው።

ጥያቄ፦ አዘጋጁ፣ ቅር እንዳይልህ ግን እኔ እነዚህን ፊልሞች አልወዳቸውም። ሁሌ ድሃ፣ ሁሌ ዌልፌር፣ ሁሌ አባት የሌለበት ቤት። እኔ እዚህ አገር ከመጣሁ ሃያ ምናምን ዓመቴ ነው፣ ሁለት ሥራ ነው የምሠራው፣ ታክሲም ነድቻለሁ፣ መንግሥት ጋ እጄን ዘርግቼ አላውቅም። እንደዚ ዓይነት ፊልም ጥቁርን ማሰደብ እንጂ ምን ይጠቅማል?
የዴንቨሩ

መልስ፦ ወንድሜ ለምን ቅር ይለኛል፣ ግን ትንሽ እንከራከር። ሁለት ሥራ እሠራለሁ አልክ፣ ክላውዲንም እኮ ትሠራለች! ጎህ ሳይቀድ የምትነሳው አንተ ብቻ አይደለህም። የወይዘሮ ስሚዝንም ሰዓት ከላይ ጽፌልሃለሁ፣ ተመልሰህ እየው።

ስድቡን ፊልሞቹ አላመጡትም፣ ቀድሞ ነበር። ክላውዲን ራሷ ለሩፕ እያሾፈች ትነግረዋለች፣ እኛ እኮ ግብር ከፋይ ያሳድግልን ብለን ነው የምንወልደው፣ በየልጁ 30 ዶላር እያገኘሁ እንደ ንግሥት ነው የምኖረው እያለች። ይሄ 1974 ነው። በ1976 ሬገን ለፕሬዚዳንትነት ዕጩነት ሲወዳደር በየከተማው የሚያወራት አንዲት የቺካጎ ሴት ነበረች፣ ሰማንያ ስም አላት፣ በዓመት ከ150,000 ዶላር በላይ ታገኛለች እያለ፣ "የዌልፌር ንግሥት" የሚለው ስም በዛ ነው አገር ያዳረሰው። ሴትየዋ ሊንዳ ቴይለር የምትባል እውነተኛ አጭበርባሪ ነበረች፣ በ1977 ተፈረደባት፣ የተረጋገጠባት ግን 23 ቼክ ነው፣ ጠቅላላው 9,000 ዶላር የማይሞላ። አንድ ሰው አጭበረበረ፣ ሚሊዮን እናቶች ስሙን ተሸከሙት። የቲቪ ካሜራ ደሞ ያኔ ከሚያንኳኳው ሰው ጋር ነው የቆመው፣ ከበሩ ውጪ።

"አባት የሌለበት ቤት" ላልከው እውነት አለህ፣ ይሄ ነገር ጥቁር ተዋንያኑንም ያንገበግባቸው ነበር። ጉድ ታይምስ የሚባለው የቺካጎ ኮንዶሚኒየም (ያው የመንግሥት ቤት ለማለት ነው) ቤተሰብ የቲቪ ድራማ በ1974 ሲጀመር እናትየዋን የምትጫወተው ኤስተር ሮል ባል ካልተጻፈልኝ አልሠራም ብላ ነው አባትየው የተጨመረው። በ1976 ጸሐፊዎቹ ገደሉት፣ ሌላ ጉድ።

ደሞ አንድ ነገር በቀስታ ልበልህ። ከኛም ስንቶቹ በሰማንያዎቹ ከሱዳን ካምፕ በስደተኛ ፕሮግራም ሲገቡ የመጀመሪያዎቹን ወራት በመንግሥት ገንዘብና በፉድ ስታምፕ (የምግብ መግዣ ኩፖን) ነው የቆሙት፣ በ1980 በወጣው የስደተኞች ሕግ። አንተ ላትሆን ትችላለህ። መጀመሪያ የተቀበለህ፣ ሶፋው ላይ ያስተኛህ ሰውዬ ግን ሊሆን ይችላል፣ ስትደውልለት ጠይቀው እስቲ።

ጥያቄ፦ ከልጆቼ ጋር (14 እና 10) የማየው የቱን ነው? አመሰግናለሁ።
እናት፣ ከስቶክሆልም

መልስ፦ ከክላውዲን ጀምሪ። ትልቁ ልጇ ቻርልስ የሚወስደው አንድ ውሳኔ አለ፣ ልጅ እንዳይወልድ ቀዶ ሕክምና ያደርጋል፣ በዚህ ዕድሜው፣ ድህነቱን ለሌላ ላላወርስ ብሎ። እናቱ ስትሰማ የምትሆነውን ሳይ ሁሌ ድምፁን እቀንሰዋለሁ። ለአስር ዓመቱ ማስረዳት ይኖርብሻል፣ ለ14ቱ ግን እሱ ራሱ ያስረዳሻል። ቡሽ ማማን ለብቻሽ እዪው፣ ለልጅ አይሆንም።

ከዛ ወደ ቻርልስ በርኔት። ኪለር ኦፍ ሺፕ ይባላል፣ በግ አራጁ ብንለው ያስኬዳል፣ እሱም የዩሲኤልኤ የመመረቂያ ሥራው ነው፣ እዛው ዋትስ ውስጥ ከሰፈር ሰዎች ጋር የሠራው። እዚህ ውስጥ የዌልፌር ቢሮ የለም፣ ሚስ ካባክ አትመጣም። ስታን በግ ማረጃ ይሠራል፣ ደክሞታል፣ እንቅልፍ የለውም፣ ግን ድሃ ነህ ሲባል ይቆጣል፣ እኔ እኮ ለሳልቬሽን አርሚ (ለድሃ ዕቃ የሚሰበስብ የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው) ዕቃ እሰጣለሁ ይላል። ሰጪ እስከሆንኩ ድረስ ድሃ አይደለሁም ነው ነገሩ። ልጆቹ በየጣሪያው ሲዘሉ፣ ባልና ሚስት ሸሚዙን አውልቆ በሙዚቃ ሲደንሱ፣ ያቺ ዳንስ ብቻዋን ትበቃለች። በሰባዎቹ መጨረሻ ያለቀ ፊልም ሆኖ ሲኒማ ቤት በደንብ የገባው በ2007 ነው፣ ውስጡ ያሉት ዘፈኖች ፈቃድ ስላልተከፈለባቸው። ታሪኩ ቀስ ያለ ስለሆነ አስር ዓመቱ ልጅሽ እንቅልፍ ቢወስደው አትቀስቅሺው።

እና ክላውዲን ሲያልቅ ስም ዝርዝሩ መጣ ብለሽ እንዳታጠፊው። ሠርጉ መሀል ቻርልስ ከሰልፍ ፖሊስ እያባረረው ይገባል፣ ሙሽሮቹም ልጆቹም ተከትለው ፖሊስ መኪናው ውስጥ ተሰብስበው ይጫናሉ፣ ቄሱ የጀመረውን ሳይጨርስ። ስሞቹ እያለፉ ሁላቸውም እጅ ለእጅ ተያይዘው መንገድ ላይ ሲመጡ ታያቸዋለሽ፣ ሩፕም መሀላቸው አለ፣ በቀን ብርሃን።